ሺህ ቀን በኡራሃማ

«እትዬ ካኔ ሊሄዱ ነው። ናጎያ፣ ልጃቸው ዘንድ» አሉ ጋሽ ዶባሺ።

ሰኞ ዓሣ ቤት ውስጥ አሉት። ማክሰኞ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ደገሙት። ረቡዕ ደግሞ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ደፉ ላይ እንደቆሙ ለእናቴ ነገሯት። ወሬው አፋቸው ውስጥ በዞረ ቁጥር ይወፍራል። መጀመሪያ «ሳይሄዱ አይቀሩም» ነበር፤ ቀጥሎ «ሊሄዱ ነው» ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን «የመጋቢት መጨረሻ ነው የሚሄዱት» ተብሎ ቀን ተቆረጠለት።

«ማን ነገረዎት?» አለች እናቴ።

«ማን ይነግረኛል! ዓይን የለኝም? ከሱቅ ካርቶን እየለቀሙ ነው። የብርቱካን ካርቶን፣ የሶፍት ካርቶን፣ ያገኙትን ሁሉ። ሰው ካርቶን የሚሰበስበው ዕቃ ሊያስር ነው እንጂ ሊበላው ነው?»

እኔ ጓዳ ሆኜ ሩዝ እያጠብኩ ነበር። ውሃው ጠርቷል፤ እኔ ግን ማጠቤን አላቆምኩም። ያንገበገበኝ የመሄዳቸው ነገር አልነበረም፤ ከጋሽ ዶባሺ አፍ መስማቴ ነው። እማማ ካኔ ከኡራሃማ የሚለቁ ከሆነ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት አልፎናል።

«ዋካ፣ አንቺስ ታውቂ ነበር?» አሉኝ ጋሽ ዶባሺ፣ አንገታቸውን ወደ ጓዳ አስግገው።

«አውቃለሁ እንጂ» አልኩ። ዋሸሁ። ጋሽ ዶባሺ ቀድመው ያላወቁትን ነገር ማወቅ ለእኔ ከምሳ ይጣፍጠኛል።

ኩርፊያውን ያመጣው የማዘጋጃ ቤቱ መጽሐፍ ነው። የሚሳጎ ማዘጋጃ ቤት በየአምስት ዓመቱ የከተማዋን አጠቃላይ መግለጫ ያሳትማል፤ የነዋሪው ብዛት፣ ወደቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የባሕር ግንቡ ርዝመት፣ የከንቲባው ፎቶ። የዘንድሮውን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ በኮንትራት። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስድስት ዓመት የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ የማኬሬል ሆድ ስቀድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ባለ ዲግሪው ሞልቷል፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ሲባሉ እንደታሰረ በግ ነው የሚንፈራገጡት። ኃላፊያችን አቶ ኒሺጎሪ አንድ ቀን ደብዳቤ አንስተው «ይህን ማን ጻፈው?» አሉ። «እኔ» አልኩ። እኔን አዩ፣ ደብዳቤውን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ፤ ሲከፋኝ አውጥቼ አያታለሁ።

መጻፍ ያስተማሩኝ እማማ ካኔ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በከተማችን ጋዜጣ አራሚ ነበሩ። ጋዜጣው ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ቀይ እርሳሳቸው ግን ጡረታ አልወጣም። የሱቅ ማስታወቂያ ያርማሉ፣ የቀብር ካርድ ያርማሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር ያርማሉ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ እሳቸው ዘንድ እሄድ ነበር። መጀመሪያ ከበሩ ሥር ያለውን ጀሪካን አምጥቼ ምድጃው ውስጥ ነጭ ጋዝ እሞላለሁ። ምድጃው ሲግል ማንቆርቆሪያው ማንሾካሾክ ይጀምራል። ከዚያ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ወረቀቴን እሰጣለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ነበርን። ከሁለት ሺህ በላይ የሆነውን ፊደላችንን አንድ በአንድ የተማርኩት በዚያ ምድጃ ዳር ነው፤ ተማሪ ቤት ያስተማረኝ ደወሉን መስማት ብቻ ነበር።

የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ የወሰድኩላቸው በጥር መጨረሻ ዓርብ ነበር። ጋዙን ሞልቼ፣ ልቤ አብጦ፣ ፊታቸው ተቀመጥኩ። ጮክ ብለው አነበቡት።

«ሚሳጎ በጥድ ደንና በሰማያዊ ባሕር መካከል ጸጥ ብላ ያረፈች፣ ስድሳ አንድ ሺህ ነዋሪዎች ያሏት ከተማ ናት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ጸጥ ብላ ያረፈች?»

«አዎ።»

«መርከብ መሥሪያው ተዘግቶ እኮ ነው ጸጥ ያለችው፣ ዋካ። ፈጣኑ ባቡር እዚህ መቆም ከተወ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አራት።»

«ዓሣ ገበያው ላይ በቀን ስንት ጀልባ ይገባል?»

«ሁለት። አንዳንዴ ሦስት።»

«ከአራቱ ትምህርት ቤት ስንቱ ቀረ?»

«እማማ፣ ይሄ የማዘጋጃ ቤት መጽሐፍ ነው፤ የፖሊስ ምርመራ አይደለም።»

«ስድሳ አንድ ሺህም የድሮ ቁጥር ነው።» ቀይ እርሳሱን አንስተው ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀጥታ መስመር። «ውሸትሽ ስሕተት የለበትም። እሱ ነው የከፋው። ስሕተት የሞላበትን ውሸት ማንም አያምነውም፤ ይሄን ግን ያምኑታል።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቴን ከእጃቸው ነጠቅኩ።

«ቢያንስ የእኔን የሚያነበው ሰው አለ» አልኩ። «እርስዎ የሚያርሙለት ጋዜጣ ሞቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማን ነው የሚያርሙት?»

እማማ ካኔ እርሳሱን ወደ ቆርቆሮ ሣጥኑ መለሱት፤ ክዳኑን ለመግጠም ሁለት ጊዜ ሞከሩ።

«ሂጂ» አሉኝ። «በሩን ስትወጪ ቀስ አድርገሽ ሳቢው፤ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ይወጣል።»

ቀስ አላደረግኩም። ድምፁ እስከ ጎረቤታቸው እትዬ ኢጉቺ ቤት ተሰማ ብለውኛል።

ኡራሃማ ሰፈራችን አሥራ ዘጠኝ ቤት አለው፤ ሰው ያለበት አሥራ አንዱ ነው፤ ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ውስጥ አንድ አንድ ሽማግሌ ወይ አንድ አንድ አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። ለዚህ ነው ቢጫ ባንዲራ ያለን። ጠዋት የተነሳ ሰው በሩ ላይ ይሰቅላል፣ ማታ ያወርዳል። «አለሁ» ማለት ነው። እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያልተሰቀለ እንደሆነ ጎረቤት ሄዶ በር ያንኳኳል። ሕጉ ይኸው ነው። ያወጡት ጋሽ ዶባሺ ናቸው፣ የሰፈሩ ማኅበር ሊቀ መንበር። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይሄዱና ይቆጥራሉ። በየካቲት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ባንዲራ ሳይጎድል ሺህ ቀን ሊሞላን አንድ ሳምንት ቀረው።

ይህን ለመጽሐፉ ያቀረብኩት ራሴ ነኝ። አቶ ኒሺጎሪ ሙሉ ገጽ ሰጡኝ፣ ከፎቶ ጋር። ርዕሱን «ማንም ብቻውን የማይሆንበት ሰፈር» ብዬ አወጣሁለት። ሺህኛው ቀን ሐሙስ ላይ ይውላል፤ ሐሙስ ፎቶ አንሺ ይመጣል ተባለ። ኡራሃማ አበደ። ባንዲራዎቹ ሁሉ ታጠቡ፣ ተተኮሱ። ፀጉር አስተካካዩ ሙራኢ የሰፈሩን ሽማግሌ በሙሉ በነፃ ላጨ።

«የእኔን ከፊት አንሳልኝ እንጂ ከኋላ አትንካው» ይሉት ነበር ጋሽ ዶባሺ።

«ከፊት ምን አለና ነው የማነሳው፣ ጋሼ?»

እኔ ደግሞ የራሴ ዕቅድ ነበረኝ። እማማ ካኔን እስከ መጋቢት መጨረሻ አላነጋግራቸውም። መጽሐፉ ይታተማል። በሚሄዱበት ቀን፣ ካርቶኖቻቸው መኪና ላይ ሲጫኑ፣ ሄጄ አንድ ቅጂ በሁለት እጄ አቀርብላቸዋለሁ። ባቡሩ ውስጥ ያነቡታል። በቀይ ያበላሹታል። ከናጎያ ይልኩልኛል። ያኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወይ እሳቸው ይጠይቁኛል፤ ወይ ማናችንም ሳንጠይቅ ይታለፋል። እንደዚያ ነበር ያሰብኩት፤ አንድ ወር ከምናምን አለኝ ብዬ። እስከዚያው ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በራቸውን በጎን ዓይኔ አያለሁ። ባንዲራው አለ። «እሺ፣ አሉ» ብዬ አልፋለሁ፣ ንዴቴን እንደያዝኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ባንዲራው አልነበረም።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ቆምኩ። ሌሊቱን ዝናብ የቀላቀለ በረዶ ሲጥል አድሯል። ባንዲራው በደንብ ታጥፎ የፖስታ ሣጥናቸው አፍ ላይ ተሰክቷል። ማታ አውርደው እዚያ ሰክተው፣ ጠዋት ረስተውት ነው አልኩ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቢረሱስ?

ማንኳኳት ነበረብኝ። እጄንም አንስቼ ነበር። ግን ባንኳኳ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ለዕርቅ ቀድሜ የመጣሁት እኔ እሆናለሁ። ሁለተኛ፣ ሺህኛው ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው እማማ ካኔ ባንዲራ ረሱ ተብሎ ስማቸው ይነሳል። የሰው ስሕተት ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የራሳቸውን ስሕተት ሰው ሲያይባቸው ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ፤ ለእኔም ያስተማሩኝ ያንኑ ነው። ስለዚህ ባንዲራውን ዘርግቼ ሰቀልኩትና ኮቴ ሳላሰማ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሰፈር አይወራም። ይደረጋል፣ ይታለፋል። ባለቤቱ እንዳያፍር።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ደግነቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንም ልጻፈው።

ሐሙስ ፎቶ አንሺው መጣ። አሥራ አንዱ ባንዲራ በባሕሩ ንፋስ ይርገበገባል። ጋሽ ዶባሺ ለልጃቸው ሠርግ የገዙትን ክራቫት አስረዋል። ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን ሰው በየበሩ ማቆም ፈለገ።

«እዚህ ቤትስ?» አለ፣ እማማ ካኔ በር ላይ ደርሶ።

«እሳቸውን ተዋቸው» አሉ ጋሽ ዶባሺ። «ሊሄዱ ነው፣ ናጎያ። ዕቃ እያሰሩ ነው። ካርቶን በካርቶን ሆነዋል።»

«ፎቶም አይወዱም» አሉ እትዬ ኢጉቺ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ማዶ ካለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት።

«ይኩራሩ ደግሞ» አልኩ እኔ፣ ለራሴ። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ባዶውን በርና ባንዲራውን ብቻ አነሳ። ያማረው እሱ ፎቶ ነው። ገጹ ላይ የወጣውም እሱ ነው።

ዓርብ የመጨረሻው ረቂቅ ከማተሚያ ቤት መጣልኝ፤ እስከ ሰኞ ጠዋት ማረም ይቻላል የሚል ወረቀት ተያይዞበታል። ገጼን አየሁት። ንጹሕ ነው። አንድ ቀይ መስመር የለበትም። በስምንት ዓመት ውስጥ ቀይ መስመር ሳይነካው ከእጄ የወጣ ጽሑፍ የለኝም፤ ራቁቴን አደባባይ የወጣሁ መሰለኝ። ዓርብ አመሻሽ ላይ በራቸው ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። ኩራት ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ኡራሃማን በሙሉ እገዛው ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ረቂቁንና ሁለት የቀይ ባቄላ ኬክ ይዤ ሄድኩ። ባንዲራው ተሰቅሏል። አንኳኳሁ። «እማማ!» አልኩ። «እማማ ካኔ፣ እኔ ነኝ። ልንጣላ ነው የመጣሁት፤ ይክፈቱልኝ።»



የውጭው በር አይቆለፍም። ሳብኩት። መግቢያው ላይ ጀሪካኑ መንገድ ዘግቶ ነበር፤ በአንድ እጄ አንስቼ ወደ ጎን አደረግኩት። ቤቱ ከውጭ ይልቅ ይበርዳል። አፌ ጭስ አወጣ። የውስጡን በር ስከፍት ኮሪደሩ ላይ ተኝተው ነበር፣ ሦስት ካፖርት ደራርበው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው። አንድ እጃቸው ተዘርግቷል።

በከተማዋ ድምፅ ማጉያ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ዜማ ሲጀምር፣ ያ ልጆች ወደ ቤታችሁ ግቡ የሚለው ዜማ፣ እኔ አሁንም ኬኩን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ሐኪሙ የወደቁት እሑድ ነው አለ፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወዲያው አልሞቱም። እስከ ማክሰኞ ማታ ሳይቆዩ አልቀሩም፤ የገደላቸው ስብራቱ ሳይሆን ብርዱ ነው አለ። ማክሰኞ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እኔ ከበሩ ወዲህ ነበርኩ። ኮቴ እንዳላሰማ እየተጠነቀቅኩ።

ሰፈርተኛው በሩ ላይ ተሰብስቧል። ፖሊሱ ወጣት ነው፣ ደብተር ይዟል፤ ባንዲራውን ቀና ብሎ እያየ ጠየቀ።

«እሑድ ከወደቁ ይሄን ማን ሰቀለው?»



«እሑድ ጠዋት ራሳቸው ሰቅለውት ይሆናል፤ ሰኞም እንደተሰቀለ ነው የዋለው» አሉ እትዬ ኢጉቺ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ሰኞ ማታ ግን እኔ ነኝ ያወረድኩት። በረዶ ሲጥልበት አሳዘነኝ። ማውረድ ረስተው ነው ብዬ አጥፌ ፖስታ ሣጥኑ ላይ ሰካሁት።»

«አላንኳኩም?»

«ማንኳኳት እኮ... ረሱ ብሎ መውቀስ ይመስላል።»

«ማክሰኞስ?»

«እኔ» አልኩ። «አንድ ቀን ብቻ።»

«ማክሰኞ ማታ እኔ አውርጄዋለሁ» አለ ሙራኢ። «ረቡዕ ጠዋትም መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እኔም አንድ ቀን ብቻ ነው። ሌላ ሰው የነካው አልመሰለኝም።»

«ሐሙስ» አሉ ጋሽ ዶባሺ። «ሐሙስ ፎቶ ነበር።»

«ዓርብና ዛሬስ?»

እትዬ ኢጉቺ አለቀሱ። መልሱ እሱ ነበር።

ፖሊሱ መጻፉን አቆመ። «እሺ። ያንኳኳ ሰው አለ?»



«ሊሄዱ ነው ብያችሁ አልነበር?» አሉ ጋሽ ዶባሺ፣ አንዱን ፊት ትተው ሌላውን እያዩ። «ዕቃ እያሰሩ ነው ብዬ ነው እኮ። ካርቶን... በዓይኔ ነው ያየሁት። ዋካ፣ አንቺም ታውቂ ነበር። አውቃለሁ ብለሽኝ የለ?»

ብያለሁ።

ሰኞ ጠዋት በር ሳይከፈት ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ነበርኩ። ረቂቁን በቀይ እርሳስ ከዳር እስከ ዳር ሰርዤዋለሁ። አቶ ኒሺጎሪ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ይህ ገጽ ይውጣ» አልኩ። «ሐሰት ነው።»

ሰምተዋል፤ ሚሳጎ ትንሽ ናት። ቁጭ በይ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«ሐሙስ ዕለት ባንዲራው ተሰቅሎ ነበር?»

«ተሰቅሎ ነበር።»

«ሺህ ቀን ሙሉ አንድም ቀን አልጎደለም?»

«አልጎደለም።»

«እንግዲያው ጽሑፉ ስሕተት የለበትም፣ ዋካ።» በርኅራኄ ነው የተናገሩት፤ ክፋት ቢኖረው ይቀለኝ ነበር። «ማተሚያ ቤቱ ዓርብ ማታ ጀምሯል። የማረሚያ ቀን የሚሰጡን ለወጉ ያህል ነው።»

«ስሜ ከመጽሐፉ ይውጣልኝ።»

አቶ ኒሺጎሪ አንገታቸውን ደፉ። «መጀመሪያም የለም። የኮንትራት ሠራተኛ ስም አይወጣም። የነገርንሽ መስሎኝ።»

ስምንት ዓመት የተማርኩት አንድ መጽሐፍ ላይ ስሜን ለማየት ነበር። ያን ቀን ግን ስለ ስሜ ምንም አልተሰማኝም። ያለ ቀይ መስመር የታተመው ገጽ ብቻ ነበር ዓይኔ ላይ የሚመጣው፤ አምስት ሺህ ቅጂ፣ ከነባዶው በር።

የእማማ ካኔ ልጅ እትዬ ሳዋኮ ከናጎያ መጡ። የተቃጠለውን አስከሬን አመድ ከተረከቡ በኋላ ቤቱን ለማጽዳት አንድ ሳምንት ቆዩ፤ እኔ አግዛቸው ነበር። እናታቸውን ነው የሚመስሉት፤ ዕቃ ሲያስቀምጡ ጠርዝ ለጠርዝ ያስተካክላሉ።

«ክፍል አዘጋጅተው ነበር?» አልኳቸው፣ ዓርብ ዕለት ሰሐን ስንጠቀልል።

«ለምን?»

«እማማ ወደ እርስዎ ሊመጡ አልነበር? በመጋቢት።»

እትዬ ሳዋኮ ሰሐኑን ይዘው ቀሩ። «ወደ እኔ? ማን አለሽ? አሥር ዓመት ለመንኳት። ‹ዓርብ ሥራ አለኝ› ነበር መልሷ። ጡረተኛ ሴት ምን ሥራ አላት እያልኩ ስስቅባት።»

«ካርቶን ይሰበስቡ ነበርኮ። ዕቃ ሊያስሩ።»

«የታሰረ ዕቃ አየሽ?»

አላየሁም። የታሰረ አንድ ዕቃ አልነበረም። የኋለኛውን ክፍል ከፈትን፤ ምድጃው ያለበትን፣ ወደ ባሕሩ የሚያየውን፣ ከመንገድ በኩል የማይታየውን። ገና ከሰዓት ነው፤ ክፍሉ ግን ጨለማ ነበር። እትዬ ሳዋኮ መብራት አበሩ። መስኮቶቹ በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በካርቶን ተደፍነዋል። በሁለት ድርብ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተለክቶ፣ በሙጫ። የብርቱካኑ ሥዕል ወደ ውስጥ ዞሯል። አንዱ ካርቶን ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ ተሳስቶ ኖሮ በቀይ እርሳስ ታርሟል። ምድጃውን ነካሁት። ሆዱ ደርቆ አቧራ ይዟል።

ውጭ በየሳምንቱ እየዞረ የየቤቱን ጀሪካን የሚሞላው የነጭ ጋዝ መኪና ዜማ ተሰማ። ዓርብ ነው። ሹፌሩ አምሳ የሚሆነው ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሷል። ባርኔጣውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆመና፣ ጎን ላይ የተገፋውን ጀሪካን አየ፤ አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እንደሞላ ነው» አለ። «ያለፈው ሳምንት ስጣራ መልስ አጣሁ፤ ይሄም ሙሉ ስለነበር ሄድኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ጋዝ አይጠቀሙም ነበር ማለት ነው?» አሉ እትዬ ሳዋኮ።

«ኧረ በምን አቅማቸው! ጣቶቻቸው አብጠው ጋዙን ወደ ምድጃው የሚስበውን የእጅ ፓምፕ መጭመቅ ካቃታቸው ሁለት ክረምት ሆነ። ይሄን መሸከምማ አይታሰብም። ሦስት ዓርብ ሙሉ ሳይቀንስ እንደሞላ አገኘሁት። ድርጅታችን ከደፍ እንዳናልፍ ይከለክለናል፤ ቢሆንም ‹እማማ፣ ልግባና ልሙላልዎት› አልኳቸው። ‹ተወው፤ ዓርብ አይደል? ልጅቷ አሁን ትመጣለች፣ የምትሞላው እሷ ናት› አሉኝ።»

ባርኔጣውን መልሶ አደረገ።

«ሦስቱንም ዓርብ እንዲሁ ነው ያሉኝ።»